የላስ ቬጋስ ጠላቂዎች ሐይቃቸው እየሸሸባቸው ነው

በአውሮፓውያኑ ጁላይ 2022 ከላስ ቬጋስ ከተማ በስተምሥራቅ በሚገኘው የሚድ ሐይቅ ዳርቻ አንዲት ያረጀች ጀልባ ከውሃው ብቅ አለች። ሂጊንስ በመባል ከሚታወቁት ጀልባዎች አንዷ ናት። ይህ ዓይነቱ ጀልባ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወታደሮችን ከመርከብ ወደ ባሕር ዳርቻ ለማድረስ የተሠራ ሲሆን፣ በኖርማንዲው ዘመቻ ስሙ በታሪክ ተጽፏል። የሚድ ሐይቋ ጀልባ ከጦርነቱ በኋላ በኮሎራዶ ወንዝ ላይ ለቅየሳ ሥራ አገልግላ በመጨረሻ ሰጥማ የቀረች ናት። ሐይቁ ሙሉ በነበረበት ዘመን ከውሃው ገጽ 56 ሜትር ያህል በታች ትገኝ ነበር።

ብዙዎች ዜናውን የድርቁ ምልክት አድርገው ተቀበሉት። የታመቀ አየር የያዘ ሲሊንደር በጀርባቸው አዝለው ወደ ሐይቁ ለሚወርዱት የአካባቢው ጠላቂዎች ግን ትርጉሙ ሌላም ነበር። ለመድረስ ሥልጠና፣ መሣሪያ እና ጥንቃቄ ይጠይቅ የነበረ ስፍራ በእግር የሚኬድበት ሆነ። በሌላ አነጋገር አንድ የጠለቃ መዳረሻ ከካርታው ተሰረዘ።

ከቁማር ቤቶቿ እና ከመብራቶቿ ብዛት የተነሣ ላስ ቬጋስ ሲነሣ ስኩባ ዳይቪንግ ወደ አእምሮ የሚመጣለት ሰው ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ በከተማዋ ዙሪያ ውሃ ውስጥ የሚታየው ነገር የአካባቢውን የመቶ ዓመት ታሪክ የያዘ ነው። ያ ታሪክ ደግሞ ከውሃው ከፍታ ጋር አብሮ ይወጣል፤ ይወርዳል።

በበረሃ የተዘረጋ ውሃ

ላስ ቬጋስ የምትገኘው በሞሃቪ በረሃ ነው። በዓመት የምታገኘው ዝናብ 100 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። የሚድ ሐይቅ የተፈጠረው የኮሎራዶ ወንዝ በሁቨር ግድብ ሲገታ ነበር። የግድቡ ግንባታ በ1931 ተጀምሮ፣ ሴፕቴምበር 30/1935 ፕሬዝዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት በተገኙበት ተመረቀ። ቁመቱ 221 ሜትር ሲሆን፣ ከኋላው የተኛው ውሃ ሙሉ ሲሆን በአሜሪካ ካሉ ሰው ሠራሽ ሐይቆች ሁሉ በመጠን ትልቁ ነው። ለንጽጽር ያህል፣ የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የሚይዘው ንጋት ሐይቅ ከዚህኛው በእጥፍ ይበልጣል።

የላስ ቬጋስ አካባቢ 90 በመቶ የሚሆነውን ውሃ የሚያገኘው ከኮሎራዶ ወንዝ፣ በሚድ ሐይቅ በኩል ነው። በከተማዋ እና በዙሪያዋ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን እና ትውልደ ኢትዮጵያውያን እንደሚኖሩ ይገመታል። የክላርክ ካውንቲ አስተዳደርም በ2023 የንግድ ቤቶቻቸው የሚበዙበትን ሰፈር "ሊትል ኢትዮጵያ" ብሎ ሰይሞታል። እዚያ የሚፈላው የጀበና ቡና ውሃ ጠላቂዎቹ ከሚወርዱበት ሐይቅ የተቀዳ ነው። በየቤቱ ውስጥ ሥራ ላይ ውሎ ወደ ፍሳሽ መስመር የሚገባው ውሃም አብዛኛው ተጣርቶ ወደዚያው ሐይቅ ይመለሳል።

ጃንዋሪ 2000 ላይ ሐይቁ ሊሞላ ጥቂት ነበር የቀረው። በጁላይ 2022 ከዚያ ከ50 ሜትር በላይ ወርዶ፣ ከሙሉ አቅሙ 27 በመቶ ገደማ ብቻ ይዞ ተገኘ። ይህም በ1930ዎቹ እየሞላ ከነበረበት ጊዜ ወዲህ ዝቅተኛው ነበር። ውሃው የነበረበትን ከፍታ የሚያሳየው ነጭ የማዕድን ቀበቶ ዛሬም በገደሎቹ ላይ ይታያል።

ሽሽቱ ያጋለጠው የጠለቃ መዳረሻዎችን ብቻ አልነበረም። ሜይ 1/2022 በጭቃ ውስጥ የተቀረቀረ በርሜል የሰው አጽም ይዞ ተገኘ። ፖሊስ ከሟቹ ልብስና ጫማ ተነሥቶ፣ ግድያው ከ1970ዎቹ አጋማሽ እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ ባለው ጊዜ የተፈጸመ መሆኑን ገለጸ። ወንጀለኛ ቡድኖች በቁማር ቤቶቹ ላይ እጃቸውን ዘርግተው የነበሩበት ዘመን በመሆኑ ወሬው ዓለምን አዳረሰ።

በውሃ የተዋጡት

ግድቡ ከዋጣቸው ስፍራዎች በጣም የታወቀው ሴንት ቶማስ ነው። በ1865 በሞርሞን ሰፋሪዎች የተቆረቆረ ትንሽ ከተማ ነበር። ነዋሪዎቹ አካባቢው እንደሚሰጥም እየተነገራቸው ቀስ በቀስ ለቀቁ፤ የመጨረሻው ነዋሪ በ1938 ውሃው ደጁ ሲደርስ በጀልባ ቀዝፎ ወጣ። ከተማው በአንድ ወቅት ከውሃው ገጽ 18 ሜትር በታች ነበር። ዛሬ ግን ጎብኚዎች በመሠረቶቹና በፍርስራሾቹ መካከል በእግራቸው ይመላለሳሉ።

ሌላው መዳረሻ የሁቨር ግድብ ሲገነባ ጠጠርና አሸዋ በየመጠኑ ይለይበት የነበረው ፋብሪካ ቅሪት ነው። ለግድቡ የዋለው ኮንክሪት ጠጠሩን ያገኘው ከዚያ ነበር፤ ሥራው አልቆ ውሃው ሲሞላ ፋብሪካው እዚያው ቀረ። ጠላቂዎች ግዙፍ የኮንክሪት ግድግዳዎቹንና ዋሻ መሰል መተላለፊያዎቹን እየዞሩ ያያሉ። ግድቡን የሠራው ፋብሪካ በሠራው ግድብ ውሃ መዋጡ ሳያስገርም አይቀርም።

በቦልደር ደሴቶች አካባቢ ደግሞ ቶርቱጋን የመሰሉ የሰጠሙ ጀልባዎች አሉ። ከግድቡ በታች፣ በጥቁሩ ሸለቆ ውስጥ፣ ሪንግቦልት ራፒድስ የተባለ ስፍራ ይገኛል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በእንፋሎት የሚሠሩ ጀልባዎች ፏፏቴ መሰሉን ፈጣን ውሃ የሚሻገሩት በዓለት ላይ በተተከለ የብረት ቀለበት ገመድ አስረው ራሳቸውን እየጎተቱ ነበር። ስሙም ከዚያ የመጣ ነው። ዛሬ ልምድ ያላቸው ጠላቂዎች ወንዙ እየወሰዳቸው የሚንሳፈፉበት ቦታ ሆኗል።

ከሁሉም በላይ ግን ስሙ የገነነው አውሮፕላኑ ነው።

ጁላይ 21/1948 አንድ ቢ-29 ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ከካሊፎርኒያ ተነሥቶ በሐይቁ ላይ ዝቅ ብሎ ይበር ነበር። በሂሮሺማ እና በናጋሳኪ ላይ አቶሚክ ቦምብ የጣሉት አውሮፕላኖች ዓይነት ነው። የዚያን ቀን ተልዕኮው ግን ሳይንሳዊ ነበር፦ የላይኛውን ከባቢ አየር ማጥናት እና ፀሐይን ተከትሎ ሚሳኤልን ለመምራት የታሰበ ሚስጥራዊ መሣሪያ መሞከር። ነፋስ አልነበረም። ሐይቁ እንደ መስታወት ረግቶ ስለነበር አብራሪው ከውሃው ያለውን ርቀት በዓይኑ መለየት አዳጋች ሆነበት። አውሮፕላኑ ውሃውን መታ፤ ከአራቱ ሞተሮች ሦስቱ ተነቅለው ሄዱ፤ አራተኛው በእሳት ተያያዘ። አምስቱ የበረራ አባላት በነፍስ አድን ጀልባ ወጥተው ተረፉ። አውሮፕላኑ ለጥቂት ጊዜ ተንሳፍፎ ሰጠመ፤ ተልዕኮውም ሚስጥር ሆኖ ለዓመታት ቆየ።

ለግማሽ ክፍለ ዘመን ያህል የት እንዳለ የሚያውቅ አልነበረም። በ2001 የግል ጠላቂዎች ቡድን በድምፅ ሞገድ የውሃ ወለል በሚያሳይ ሶናር ተጠቅሞ አገኘው። ከዚያም "የማን ነው?" የሚለው ጥያቄ ወደ ፍርድ ቤት አመራ፤ ንብረቱ የሕዝብ መሆኑ ተረጋግጦ ጥበቃው ለአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ተሰጠ። በ2011 በአገሪቱ ታሪካዊ ቅርሶች መዝገብ ሰፈረ።

በተገኘበት ጊዜ አውሮፕላኑ ተራ የመዝናኛ ጠላቂ ከሚወርድበት ከ40 ሜትር ወሰን እጅግ በታች ነበር። እዚያ መድረስ የሚችለው የተቀላቀለ ጋዝ የሚጠቀምና ለሰዓታት በየደረጃው እየቆመ ወደ ላይ የሚመለስ ልዩ ሥልጠና ያለው ሰው ብቻ ነው። ሐይቁ እየቀነሰ ሲሄድ ርቀቱ አጠረ፤ ፓርኩም በፈቃድና በአስጎብኚ፣ ቁጥሩ በተወሰነ መልኩ ጠላቂዎች እንዲጎበኙት ፈቀደ። ይህ ለጠላቂ መልካም ዜና ይመስላል። ለአውሮፕላኑ ግን መልካም አይደለም፤ በጥልቁ፣ በጨለማውና በቀዝቃዛው ውሃ ውስጥ ከማዕበል፣ ከመልሕቅና ከቅርስ ዘራፊ እጅ ርቆ የኖረ ቀጭን አሉሚኒየም ነውና።

ከዩክሬን ወንዞች የመጣው ነዋሪ

ወደ ሐይቁ የሚወርድ ሰው በበጋ ከላይ ለብ ያለ ውሃ ያገኛል። ጥቂት ሜትሮች ወረድ ሲል ግን ቅዝቃዜው ድንገት እንደ በር ተከፍቶ ይቀበለዋል። ፀሐይ ያሞቀችው ቀላል ውሃ ከላይ ስለሚንሳፈፍ፣ ከባዱ ቀዝቃዛ ውሃ ከሥር ስለሚተኛ ነው። ከግድቡ በታች ያለው የሞሃቪ ሐይቅ የላይኛው ክፍል ደግሞ ዓመቱን ሙሉ 13 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው፤ ውሃው ከሚድ ሐይቅ ጥልቅ ክፍል ስለሚለቀቅ፣ ውጪ 40 ዲግሪ ሲሆን እንኳ ወፍራም የጠለቃ ልብስ ግድ ይላል። ውሃው ይበልጥ የሚጠራው ከኦክቶበር እስከ ኤፕሪል ባሉት ቀዝቃዛ ወራት ነው።

በጃንዋሪ 2007 ኳጋ የተባለ ትንሽ ቀንድ አውጣ መሰል፣ ባለ ሁለት ሽፋን ፍጡር በሐይቁ ተገኘ። የትውልድ ስፍራው በዩክሬን የሚያልፈው የድኒፐር ወንዝ አካባቢ ሲሆን፣ በጀልባዎች ተጣብቆ አህጉር ያቋርጣል። ዛሬ የአውሮፕላኑን ክንፍ፣ የጀልባዎቹን ጎን፣ የውሃ ቧንቧዎቹን አልብሷል። ጠርዙ ስለታም በመሆኑ ያለ ጓንት የሚነካው ሰው እጁ ይቆረጣል። እያንዳንዱ ኳጋ ውሃ እያጣራ ስለሚመገብ ሐይቁን ያጠራዋል፤ ሆኖም ለዓሣዎቹ የሚተርፈውን ምግብ ይወስድባቸዋል።

ጣናን እንቦጭ ሲወርረው ላየ ሰው ነገሩ አዲስ አይሆንበትም። አንዴ ከገባ በኋላ ማጥፋት ስላልተቻለ፣ የቀረው አማራጭ ወደ ሌላ ሐይቅ እንዳይሻገር መከላከል ነው። በመሆኑም ጠላቂዎች ልብሳቸውንና መሣሪያቸውን አጥበው፣ ውሃውን አንጠፍጥፈው፣ አድርቀው ነው ወደ ሌላ ውሃ መግባት ያለባቸው።

ምንጮቹ፦ የደረቀው እና የተከለከለው

"ላስ ቬጋስ" በስፓንኛ "መስኮቹ" ማለት ነው። ስሙን ያገኘችው በበረሃው መካከል ይፈልቁ በነበሩ ምንጮች ምክንያት ለምለም ሣር ስለነበራት ነው። ምንጮቹን ከተማዋ ጠጥታ ጨረሰቻቸው፤ በ1962 መፍለቃቸውን አቆሙ። በሐይቁ ክልል ውስጥ ያሉት የሮጀርስና የብሉ ፖይንት ፍል ውሃዎች ዛሬም ይፈስሳሉ። ሆኖም በአፍንጫ ገብቶ አንጎልን የሚያጠቃ አሜባ ሊኖርባቸው ስለሚችል ፓርኩ ጭንቅላትን ወደ ውሃው መንከር እንደማይገባ ያስጠነቅቃል። ለጠላቂ ቦታ አይደሉም።

ከከተማዋ በስተምዕራብ 145 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኘው የዲያብሎስ ጉድጓድ ግን ታሪኩ ሌላ ነው። ጠባብ የዓለት ስንጥቅ ሲሆን፣ ውስጡ 33 ዲግሪ ያህል የሚሞቅ ውሃ አለ። ጠላቂዎች ከ130 ሜትር በላይ ወርደው ወለሉን አላገኙም። በጁን 1965 ሁለት ወጣቶች በሌሊት ገብተው አልተመለሱም፤ አስከሬናቸውም እስከ ዛሬ አልተገኘም። ሴፕቴምበር 2022 ላይ በሜክሲኮ የመሬት መንቀጥቀጥ በደረሰ በ22 ደቂቃ ውስጥ፣ ከ2,400 ኪሎ ሜትር ርቀት በላይ፣ የዚህ ጉድጓድ ውሃ ከአንድ ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ማዕበል ተናወጠ።

በተፈጥሮ በዓለም ላይ በዚህ ስንጥቅ ብቻ የሚኖር፣ ከጣት አንጓ የማይበልጥ ሰማያዊ ዓሣ አለ። በ2013 የጸደይ ቆጠራ የተገኙት 35 ብቻ ነበሩ። በአካባቢው ለእርሻ የሚሳበው የከርሰ ምድር ውሃ የጉድጓዱን ውሃ ሲያጎድልበት፣ በ1976 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለዓሣው ሲል ውሃ መሳቡ እንዲገደብ ወስኗል። ዛሬ ወደዚያ እንዲጠልቁ የሚፈቀድላቸው በዓመት ሁለት ጊዜ ዓሣዎቹን የሚቆጥሩ ባለሙያዎች ናቸው። ለሌላው ሰው ስፍራው በአጥር ተዘግቷል።

አምቦ ውሃ እና የጠላቂ ደም

የታሸገ አምቦ ውሃ ክዳኑ ሳይነሣ ጋዙ አይታይም። ክዳኑ ሲከፈት ግፊቱ ስለሚቀንስ አረፋው ይነሣል። በጠላቂ ሰውነት ውስጥ የሚሆነውም ከዚህ አይርቅም። ሰው በውሃ ውስጥ 10 ሜትር ሲወርድ የሚያርፍበት ግፊት ከባሕር ጠለል ግፊት ሁለት እጥፍ ይሆናል። የሚተነፍሰው አየር ውስጥ ያለው ናይትሮጅንም ወደ ደሙና ወደ ሕብረ ሕዋሱ በብዛት ይገባል። ቀስ ብሎ ከወጣ ናይትሮጅኑ በትንፋሽ ይወጣል። ከቸኮለ ግን በደሙ ውስጥ አረፋ ይሠራል። "ቤንድስ" የሚባለው ሕመም ይህ ነው፤ ከመገጣጠሚያ ሕመም እስከ ሽባነትና ሞት ያደርሳል።

ጠላቂዎች ምን ያህል ጥልቀት ላይ ስንት ደቂቃ መቆየት እንደሚችሉ የሚነግሯቸው ሠንጠረዦች የተዘጋጁት ለባሕር ጠለል ነው። ከባሕር ጠለል 300 ሜትር ከፍ ባለ ሐይቅ ውስጥ የሚደረግ ጠለቃ "የከፍታ ጠለቃ" ተብሎ ስሌቱ ይስተካከላል። የሚድ ሐይቅ ከዚህ ወሰን ጥቂት ከፍ ብሎ ይገኛል። በኢትዮጵያ ግን ወሰኑ ሩቅ ይታለፋል። ንጋት ሐይቅ ሲሞላ 640 ሜትር፣ ጣና 1,800 ሜትር ገደማ፣ የቢሾፍቱ ሐይቆች ደግሞ ከ1,800 ሜትር በላይ ናቸው። በቢሾፍቱ 18 ሜትር የወረደ ሰው፣ በሠንጠረዡ ላይ ወደ 22 ሜትር እንደወረደ ተቆጥሮ ነው የቆይታ ጊዜው የሚሰላው። ምክንያቱም ሲወጣ የሚጠብቀው አየር ስስ ነው፤ ክዳኑ ከሌላው ቦታ ይልቅ በሰፊው የተከፈተ ያህል ነው።

ከጠለቃ በኋላ ወደ ከፍታ መውጣትም እንዲሁ አደገኛ ነው። ሕክምናው የሚመክረው አንድ ጊዜ ብቻ የጠለቀ ሰው ከመብረሩ በፊት ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግሞ የጠለቀ ደግሞ 18 ሰዓት እንዲቆይ ነው። ጠዋት በሚድ ሐይቅ ጠልቆ፣ ከሰዓት በኋላ 3,600 ሜትር ወደሚደርሰው የቻርልስተን ተራራ ጎዳና የሚነዳ ጎብኚ በመኪና ተሳፍሮ ቢሆንም እንደበረረ ይቆጠራል።

ለኢትዮጵያውያን የሚበልጠው ጉዳይ እዚህ ላይ ነው። የመንገደኛ አውሮፕላን በሰማይ ሳለ የውስጡ ግፊት ቢበዛ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው አየር ጋር እንዲመሳሰል ይደረጋል። አዲስ አበባ ራሷ የምትገኘው በዚሁ ከፍታ ዙሪያ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት በታጁራ ባሕረ ሰላጤ የሚመጡትን ግዙፍ የዌል ሻርኮች ለማየት ጅቡቲ ሄዶ የጠለቀ ሰው፣ በዚያኑ ዕለት በመኪናም ሆነ በባቡር ወደ አዲስ አበባ ቢመለስ ከአውሮፕላን ተሳፋሪ የተለየ አይሆንም። "አልበርም፤ በምድር ነው የምሄደው" ማለት አያድንም። አውሮፕላን በመጨረሻ ያርፋል፤ አዲስ አበባ የገባ ሰው ግን እዚያው ከፍታ ላይ ይቆያል።

የላስ ቬጋስ ጠላቂዎች ባሕር ሲያምራቸው ወደ ካሊፎርኒያ ይነዳሉ። ከሎስ አንጀለስ ማዶ በሚገኘው የካታሊና ደሴት፣ ከባሕሩ ወለል ተነሥቶ እንደ ደን የሚቆመውን ግዙፍ የባሕር ዕፅ ያያሉ። መልሱ ጉዞ በበረሃው ተራሮች ላይ የሚወጣ በመሆኑ እነርሱም ሰዓት ይቆጥራሉ።

ጥልቀቱን የሚወስኑት ሰባቱ ግዛቶች

የኮሎራዶ ወንዝ 40 ሚሊዮን ለሚሆኑ ሰዎች ውሃ ያቀርባል። ሰባት የአሜሪካ ግዛቶች በ1922 በተፈራረሙት ውል የተከፋፈሉት ውሃ፣ ወንዙ በተለይ ብዙ ውሃ በነበረባቸው ዓመታት የተለካ ነበር። ስለዚህ በወረቀት ላይ ያለው ድርሻ ከወንዙ ይበልጣል። በኦገስት 2021 የፌደራሉ መንግሥት ለመጀመሪያ ጊዜ በወንዙ ላይ የውሃ እጥረት አወጀ። በኤፕሪል 2022 ለላስ ቬጋስ ውሃ ከሚስቡት ቧንቧዎች ቀዳሚው ከሐይቁ በላይ ተገልጦ ታየ። ከተማዋ ከሐይቁ ወለል ሥር የሚስብ ሦስተኛ መስመር በ2015 አጠናቅቃ ባትጠብቅ ኖሮ ችግሩ ከዚህ በከፋ ነበር።

በ2023 ክረምት በተራሮች ላይ የወረደው ብዙ በረዶ ሐይቁን ከፍ አድርጎታል፤ ቢሆንም ከ2000 ደረጃው አሁንም እጅግ ዝቅ ያለ ነው። ግድቦቹ ምን ያህል ውሃ እንደሚለቁ የሚወስነው የ2007 ደንብ በ2026 መጨረሻ ጊዜው ያበቃል፤ የላይኛው እና የታችኛው ተፋሰስ ግዛቶችም በሚተካው ላይ ሲከራከሩ ቆይተዋል። በክርክሩ ጠረጴዛ ላይ ያሉት እርሻዎች፣ ከተሞችና የኤሌክትሪክ ኃይል ናቸው፤ ጠላቂዎች ወንበር የላቸውም። በአካባቢው የጠለቃ መመሪያዎች ላይ የሰፈሩት የጥልቀት አኃዞች ግን ከዚያ ጠረጴዛ በሚወጣው ውሳኔ ይለዋወጣሉ። ከመግባቱ በፊት የሐይቁን የዕለት ከፍታ ያላየ ሰው፣ በአሮጌው መመሪያ 15 ሜትር የተባለውን ስፍራ ጉልበቱ ድረስ በሚደርስ ጭቃ ውስጥ ቆሞ ሊያገኘው ይችላል።